የሲትና ጢስ

ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ትቀመጣለች። በሱዳኗ ወድ መደኒ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ነጭ ትለብሳለች፤ ኩል አትኳልም፤ ሂና አትቀባም፤ ሽቶ አይነካትም፤ ከግቢዋ አትወጣም። ስሙ ሐዘን ነው። ሲትና ግን ባሏ ባቢከር በተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ነገር ገባት። ሲገባት ደነገጠች። ደንግጣም ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እንዲህ ያለ እረፍት ከተወለደች ጀምሮ አግኝታ አታውቅም ነበር።

ባቢከር ክፉ ሰው አልነበረም፤ አላህ ይማረው። ልብስ ሰፊ ነበር። የግቢው የፊት ክፍል በሩ ወደ መንገድ ነው፤ እዚያ የስፌት መኪናውን ተክሎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወንድ ጀለቢያ ሰፋ። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው የመኪናውን ድምፅ ሳይሆን የሱን ድምፅ ነው። “ሲትና! ሻይ!” “ሲትና! መቀሱን ምን በላው?” መቀሱ በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። “ሲትና! እንግዳ መጥቷል፣ ምሳ አለ?” እንግዳ የተባለው እጅጌ ሊያሳጥር የመጣ መንገደኛ ነው፤ አፍሮ አንገቱን ይደፋል። ምሳውን ግን ይበላል።

አሁን ዝም አለ። ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራ አንዷ ጎረቤት ጋግራ ታመጣለች፣ የባሚያውን ወጥ ሌላዋ ታመጣለች፣ ግቢውን ሦስተኛዋ ትጠርጋለች። ሲትና አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሰው ሲገባ ታለቅሳለች፣ ሰው ሲወጣ ትተኛለች። ለቅሶዋ የውሸት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የግድግዳው ጥላ እስከ ግቢው መሃል ሲደርስ፣ ማንም ሳይጠራት ብድግ ብላ ማንቆርቆሪያውን ታነሳለች፤ ከዚያ ለማን እንደምታፈላ ስታስብ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ያን ጊዜ የምታለቅሰውን ለቅሶ ማንም አላየላትም።

ሰው ግን ሰውን አሳርፎ አያውቅም። የመቀመጫዋ ጊዜ ወደ ማለቁ ሲቃረብ የሚመጣው ነገር መልኩን ለወጠ። ምግቡ ቀነሰ፣ ምክሩ በዛ።

መጀመሪያ የመጣው የባቢከር ታናሽ ወንድም አወድ ነው። አወድ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ሚስት አለው፣ ስድስት ልጆች አሉት፣ ሰባተኛ ሐሳብ አያጣም። በሐዘን ላይ ያለችን ሴት በግልጽ “ላግባሽ” ማለት ክልክል ነው፤ ነገሩን በሩቁ መጠቆም ግን ይፈቀዳል። አወድ ለመጠቆም የተፈጠረ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ሞከረ። ከበሩ ውጭ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

“ሽንኩርት” አለ፤ “ብቻውን ሲቀመጥ ይበሰብሳል።”

“ከሌላ ሽንኩርት ጋር ታጉሮ ሲቀመጥ አይደል እንዴ የሚበሰብሰው?” አለች ሲትና ከውስጥ።

አወድ ጥቂት አሰበ። ሙያው ስለሆነ መዋሸት አልቻለም። “እሱም አለ” አለ። ቀጥሎም መጠቆሙን ተወና ወደ ገደለው ገባ። “የወንድሜ ቤት ያለ ወንድ ክፍት ሆኖ አይቀመጥም። አንቺ ወደኛ ግቢ ትመጫለሽ። ሚስቴ ሰዕዲያም ወገቧን አሟታል፣ አጋዥ ታገኛለች። የፊቱን ክፍል ደግሞ ልጄ የስልክ ሱቅ ያደርገዋል። አዲስ ሕይወት ነው፣ እናታችን ራሷ ብትኖር ይህንኑ ትል ነበር። በርሽን ለመልካም ነገር ክፍት አድርጊ።”

ቤቱ የሲትና የእናቷ ቤት ነው። ባቢከር መቀሱንና ፍራሹን ይዞ የገባበት ቤት ነው። ይህን ከአወድ በቀር አገር ያውቀዋል።

ከዚያ በስልክ ኢኽላስ መጣች። ኢኽላስ አንድ ልጇ ናት፤ ካርቱም አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች።

“እማዬ፣ እዚያ ብቻሽን ተቀምጠሽ ምን ታደርጊያለሽ? እኛ ጋ ነይ። ሰው ኑሮው ሲለወጥ እሱም መለወጥ አለበት። ክፍል አዘጋጅተንልሻል።”

“የማን ክፍል?”

“የልጆቹ። አልጋሽ ከነሱ አልጋ አጠገብ ነው፣ ሌሊት ሲነሱ ቅርብ ትሆኛለሽ። ፍሪጁም እዚያው ነው፣ ውሃ ሲያምርሽ ሩቅ አትሄጂም።”

“ሠራተኛዋስ?”

“ሠራተኛዋ ሄደች” አለች ኢኽላስ።

ሦስተኛዋ ሪሃም ናት። ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች የሚረዳ ማኅበር አለ፤ ሪሃም የዚያ ማኅበር አሠልጣኝ ናት። ወጣት ናት፣ መነጽር አላት፣ ባል የላትም። ትልቅ ወረቀት ይዛ መጥታ የሲትና ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ወረቀቱ ላይ ቢራቢሮ አለ።

“እትዬ ሲትና፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ቢራቢሮ።”

“ከመሆኑ በፊትስ ምን ነበር?”

“ትል።”

“አየሽ! ትሉ ራሱን ይዘጋል፣ ይጨልምበታል፣ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል።”

“ትሉ ባቢከር ነው?”

“አይ፣ አይ! አንቺ ነሽ!”

ሲትና በዕድሜዋ ትል ተብላ አታውቅም ነበር። ልጅቱ ግን ከልቧ ነው የምትናገረው፤ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ስለዚህ ውሃ አስመጣችላት። ሪሃም ውሃውን ጠጥታ ቀጠለች፤ ሳሙና መሥራት አለ፣ ዳንቴል አለ፣ ከረሜላ አለ። “ካሁን በኋላ አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው? አትፍሪ፣ ልብሽ ያለውን ተናገሪ።”

“መቀመጥ” አለች ሲትና።

“እሺ፣ ከተቀመጥሽ በኋላስ?”

“ከተቀመጥኩ በኋላ ትንሽ ጋደም ማለት።”

ሪሃም በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። “ገና አልተከፈትሽም” አለቻት።

እንዲህ ነው። ሁሉም ክፈቺ ይሏታል። ሲትና ያልገባት ነገር ቢኖር በሯ ሲከፈት ለምን እሷ ወጪ፣ ሌላው ገቢ እንደሚሆን ነው። የምትፈልገው ትልቅ ነገር አልነበረም። በእናቷ ቤት ውስጥ ማንም ስሟን ሳይጠራት መቀመጥ። ይህ ግን ሳሙና፣ ዳንቴልና ከረሜላ መሃል የለም።

ጊዜው ሞላና የሰፈሩ ሴቶች ወደ ወንዝ ወሰዷት። አባይን እዚያ ባሕር ይሉታል፤ ከሐበሻ ተራራ አፈር ተሸክሞ የሚወርደው ውሃ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እግሯን ነከረች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ነጩን ልብስ አወለቀች። ፊት ፊት የምትመራው ጎረቤቷ ነዕማት ነበረች። ነዕማትን ከሲትና ግቢ የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ አፍንጫዋን ግን ምንም ግድግዳ አልለየውም። ማን ሽንኩርት አሳረረ፣ ማን አዲስ ሽቶ ገዛ፣ የማን ወተት ገነፈለ፣ ተኝታም ታውቃለች።

“አላህ ከሱ የተሻለ ይተካልሽ” አሉ ሴቶቹ።

“አሚን” አለች ሲትና፤ ጉልበቷን ይዛ ነበር። አራት ወር የተቀመጠ ጉልበት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው አልወደደም።

አወድ ከበሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አሁን በግልጽ መናገር ተፈቅዶለታል፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳደረውም። “ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከሼኽ ኑረዲን ጋር እንመጣለን። እምቢ የምትይበት ምክንያት ካለሽ ለሳቸው ትነግሪያለሽ” ብሎ ሄደ። እምቢ የምትልበት ምክንያት “ደክሞኛል” የሚል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከአወድ ያመለጠ ሰው እስካሁን የለም።

ሐሙስ ዕለት ጉልበቷ ብሶ አላስነሳ አላት። እናቷ ጉልበቷን ሲያማት የምታደርገው ትዝ አላት፤ ጢስ ትሞቅ ነበር። ግቢው ጥግ ጉድጓድ አለ፤ በጭቃ የተለሰነ፣ በአሮጌ ትሪ የተከደነ፤ ባቢከር ከታመመ ጀምሮ እሳት አላየም። በውስጡ ጠለህ የሚሉት የግራር እንጨት ይነድዳል፤ ሴቲቱ ቅባት ተቀብታ፣ በላዩ ባለ ቀዳዳ ሰሌን ዘርግታ ትቀመጥበታለች፤ ከአንገቷ በታች በሱፍ ብርድ ልብስ ትሸፈንና ላቧ እስኪንጠፈጠፍ ትሞቃለች። ሙሽሮችና ባለትዳሮች ናቸው የሚሞቁት። ቆዳን ያለሰልሳል፣ ሽታው ሰንብቶ አይለቅም፣ ባል ይወደዋል። ልጃገረድ አትሞቀውም። ባል የሌላት ሴት አትሞቀውም። ሲትና ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ጉልበት ሲያምም ግን ሰው ስለ ጉልበቱ እንጂ ስለ ሰፈር አያስብም።

እንጨት ሻጩ ተይራብ በአህያ ጋሪ ሲያልፍ ጠራችው። ተይራብ ከምዕራብ አገር የመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

“ጠለህ ይዘሃል?”

“ይዣለሁ እህቴ። ለማን ነው?”

“ለጉልበት።”

“ለጉልበት” አለ ተይራብ። ብዙ የሰማ ሰው ነው፤ እንጨቱን አውርዶ ሄደ።

እሳቱ ተያያዘ፣ ነበልባሉ ጠፋ፣ ጢሱ መውጣት ጀመረ። ሲትና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተቀመጠች። ሙቀቱ ጉልበቷ ውስጥ ሲገባ “እሰይ” አለች ለራሷ። ጢሱ ደግሞ መንገዱን ያውቃል፤ በግድግዳው ላይ ተሻገረ።

ብዙ አልቆየም፣ ከግድግዳው በላይ የነዕማት ራስ ብቅ አለ።

“ሲትና! ጠለህ ነው የሚሸተኝ?”

“ጠለህ ነው።”

“ካንቺ ግቢ?”

“ከኔ ግቢ።”

ነዕማት ትንፋሽ አጠራት። “ማሻአላህ! ማሻአላህ! ማነው?”

“ጉልበቴን አሞኝ ነው።”

ነዕማት በሳቅ ከቆመችበት በርሜል ልትወድቅ ደረሰች። “ጉልበቴን ትላለች! እኔም ዐሊን ሳገባ ጉልበቴን ነበር ያመመኝ! አንቺ ጉደኛ፣ ውሃው እንኳ ከፊትሽ ሳይደርቅ!”

“ወላሂ ጉልበቴ ነው።”

“እሺ፣ እሺ፣ አትንገሪኝ። እኔ ለሰው አልናገርም።”

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበያው ሰማ። የሲትና እጮኛ መድኃኒት ሻጩ ነው ተባለ። አይደለም፣ ጡረታ የወጣው መምህር ነው ተባለ። ዳቦ ጋጋሪው ነው ያሉም ነበሩ፤ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እውነት መስሏት ሁለት ቀን ዳቦ ሳይሸጥ ዋለ።

ጁምዓ አወድ እንደ ቃሉ መጣ። ነጭ ለብሷል፣ ጥምጥሙ ገዝፏል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን እሱ አልሰማም። ስለ ሌላ ሰው ሲሆን ቀድሞ የሚሰማ ሰው፣ ስለ ራሱ ሲሆን መጨረሻ ነው የሚሰማው። ልጁንም አስከትሏል፤ ልጁ የስልኩን መደርደሪያ የሚለካበት ሜትር ይዟል። ሼኽ ኑረዲን ሽማግሌ ናቸው፤ አራት ሴት ልጆች ድረዋል፣ አፍንጫቸውም ደህና ነው። ግቢው መሃል ሲደርሱ ቆሙ። አየሩን ሳቡ። ወደ ሲትና አዩ፤ ፊቷ የጢስ ቀለም ይዟል፣ ያብለጨልጫል። እጃቸውን አወድ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

“አወድ፣ ልጄ፣ በሰው ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ አይቀርብም። ሃይማኖታችን ይከለክላል።”

“የምን ጥያቄ? ማን ጠየቀ?”

“አይሸትህም እንዴ?”

አወድ አሸተተ። አፍንጫው በሽንኩርት የደነዘዘ ነው፤ ቢሆንም ገባው። ፊቱ ጠቆረ። “አንቺ ሴት፣ የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ? ማነው ሰውዬው? ስሙን ንገሪኝ!”

ሼኹ ከለከሉት። ወደ ሲትና ዞረው ለስለስ ብለው ጠየቁ። “ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ነገሩ ምንድን ነው?”

ሲትና ልጁን አየች። የፊቱን ክፍል በር ከፍቶ ወለሉ ላይ ሜትሩን ዘርግቷል፤ የባቢከርን መኪና በእግሩ ገፍቶ ጥግ አስይዞታል። ሐሰት መናገር ትችል ነበር። ሼኽ ፊት ግን አይሆንም።

“ሼኻችን፣ ጉልበቴን አሞኝ ነው” አለች።

ሼኽ ኑረዲን ፈገግ አሉ። አራቱም ልጆቻቸው በተራ በተራ ጉልበታቸውን ታመው ነበር። “አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ” ብለው ዞሩ። አወድም ጥምጥሙን እንደ ተሸከመ ተከተላቸው። ልጁ ሜትሩን እየጠቀለለ መጨረሻ ወጣ።

ሲትና በሩን ዘጋችና ተቀመጠች። እውነት ተናግራለች፤ ለሦስት ሰው። የቀረውን አፏ ሳይሆን ጢሱ ነው የተናገረው። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች።

ማታ ኢኽላስ ደወለች። “እማዬ፣ የሰማሁት ምንድን ነው?”

“ጉልበቴን ነው።”

“እሺ፣ ስሙ ማነው?” ኢኽላስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “አልቆጣሽም። ግን የባሌ እናት ምን ትላለች? እንግዲያ ነገሩ እስኪለይለት አሁን አትምጪ። ሌላ ሠራተኛ እንፈልጋለን።” በፍሪጁ አጠገብ ያለው አልጋ በሳምንቱ ሰው አገኘ።

ሪሃምም በጢሱ ወሬ መጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። “ተከፈትሽ!” አለቻት። አጠገቧ ቆማ በስልኳ ፎቶ ተነሣች፤ ፎቶው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ትልቅ ሆኖ ታየ። ከቢራቢሮው ቀጥሎ።

ሁለት ጁምዓ አለፈ። ሲትና ሐሙስ ሐሙስ ጢስ ትሞቃለች፤ ተይራብ ሐሙስ ሐሙስ እንጨት ያመጣል። ጠዋት እስክትጠግብ ትተኛለች። ሲርባት ትበላለች፤ ካልራባት የሚርበው ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ የፊቱን ክፍል በር ከፍታ፣ በባቢከር ወንበር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። “ምን ልትከፍቺ ነው?” ሲሏት “እያሰብኩ ነው” ትላለች። ማሰቧ እውነት ነበር፤ የምታስበው ስለ ሌላ ነገር ቢሆንም።

ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ተይራብ ቀረ፤ አህያው ታሞበት ነው። ሲትና ጠለህ አጥታ የተሰበረ የአልጋ እግር አነደደች።

የነዕማት ራስ ብቅ አለ። “ይሄማ ጠለህ አይደለም። ምን ሆናችሁ? ተጣላችሁ?”

“ማንም አልተጣላም።”

“የአልጋ እግር ይሸተኛል። አልጋ እስከ መስበር ነው የደረሳችሁት?”

ቅዳሜ አወድ መጣ። ለሐዘን ደራሽ ይመስል ፊቱን አጥቁሯል፤ ልጁ ከኋላው ነው፣ ሜትሩ ከልጁ ኪስ ብቅ ብሏል። “ነገሩ ቀረ አሉ። አይዞሽ፣ እኔ ቂም አልይዝም። ለመጪው ጁምዓ ሼኹን ላምጣ?”

ሲትና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አንድ አህያ ጤና የምትጨነቀውን ያህል ስለ ሰው ተጨንቃ አታውቅም። ለተይራብ መድኃኒት ላከችለት፤ ገብስ ላከችለት። ሰው ሁሉ ገብሱ ሲሄድ አየ። መድኃኒት ሻጩ፣ መምህሩና ዳቦ ጋጋሪው በአንድ ቀን ነጻ ወጡ።

“ተይራብ!” አለ ሰፈሩ። “እንጨቱን በየሳምንቱ የሚያመጣው እሱ፣ እኛ ዓይን ያጣን!”

አህያው ዳነ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሐሙስ ሳይደርስ፣ ተይራብ መጣ። እንጨት አልያዘም። አህያው ታጥቧል፤ ተይራብም ታጥቧል። የተተኮሰ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ሲትና ጀለቢያውን በሩቁ ዐወቀችው፤ ግራ ኪሱ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው። ባቢከር በሕይወቱ ሁለት ኪስ እኩል ገጥሞ አያውቅም።

“ምነው ተይራብ፣ ዒድ መጣ እንዴ?”

ተይራብ በሩ ላይ ቆመ። “እህቴ፣ ሰው እንኳን ደስ አለህ እያለኝ ነው።”

“በምን?”

“ባንቺ።”

ሲትና ወደ መንገዱ አየች። የነዕማት በር ገርበብ ብሏል። “አንተስ ምን አልካቸው?”

“እንጨት ነው የምሸጥላት አልኩ። ሳቁብኝ።”

“እኔም ጉልበቴ ነው አልኩ። ሳቁብኝ።”

“ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ስል ጊዜ ሰላም ሆነ። ልጆቼ አህያውን ሸጠው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወንድሜ ሊሰዱኝ ነበር፤ እዚያ ታርፋለህ፣ አዲስ ኑሮ ነው ይሉኛል። ወንድሜ ሰባ ፍየል አለው፣ እረኛ የለውም። አሁን እሱ ወሬ ቀረ። ምራቴ ገንፎውን ትኩሱን ትሰጠኝ ጀመር።” ጥምጥሙን አስተካከለ። “እና አሰብኩ። ሰው በሩን መዝጋት የለበትም ይላሉ። ወሬው እውነት ይሁን ወይ ብዬ ልጠይቅሽ መጣሁ።”

ሲትና አየችው። መልካም ሰው ነው። አይጮህም። ጀለቢያውን በጥንቃቄ ነው የያዘው፤ አሮጌ ነው፣ ግን አንድ ነጠብጣብ የለበትም። አንድ አፍታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ ወዲያ ወዲህ አለ። ሻይ ሰዓት ላይ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ለማን ነው የማትልበት ቀን ታሰባት። ጥላው ግቢው መሃል ደርሶ ነበር።

“ሻይ ትጠጣለህ?” አለችው።

“ካፈላሽልኝ እጠጣለሁ” አለ ተይራብ።

ሲትና ወደ ስፌት መኪናው ዞር አለች። ማንም አልጠራትም። ግን “ሲትና! ሻይ!” የሚለውን ድምፅ ሰማችው።

“አየህ ተይራብ” አለች ቀስ ብላ፤ “ችግሩ እዚያ ላይ ነው።”

ተይራብ የገባው አልመሰለም። ቆይቶ ገባው። “እኔም ማፍላት እችላለሁ።”

“ዛሬ ትችላለህ።”

አላስተባበለም። ይህን ወደደችለት። ሁለቱም መንገዱን አዩ። አህያው ጆሮውን አራገፈ።

“እጮኛዬ ሁን” አለች ሲትና። “ባል አትሁን። እንጨቱን አምጣ፣ ሰው እንኳን ደስ አለህ ሲልህ አሚን በል። እኔም ከቤቴ አልወጣም፣ አንተም ከፍየሎቹ ትድናለህ።”

“እስከ መቼ?”

“ጉልበቴ እስኪድን።”

ተይራብ ጉልበቷን አላየም፤ ጨዋ ነው። ግን አሰበበት። “በዚህ ዕድሜ ጉልበት አይድንም እህቴ።”

“እኔም እሱን ነው የምልህ።”

ይህ ከሆነ ብዙ ጊዜ አለፈ። ሰፈሩ የሠርጉን ቀን መጠየቅ አልሰለቸውም፤ ነዕማት ለሠርጉ ብላ ያሰፋችው ልብስ ጠቧት እንደገና አስፍታዋለች። አወድ በበሩ ሲያልፍ ሰላም ይላል፣ አፍንጫውን ነፋ ነፋ ያደርግና ይሄዳል። ልጁ የስልክ ሱቁን ሌላ ቦታ ከፈተ፤ ሜትሩ እዚያም አልጠቀመውም፣ መደርደሪያው በበሩ አልገባ ብሎ ውጭ ቀርቷል። ኢኽላስ በዒድ ልጆቿን ይዛ መጥታ ትሄዳለች፤ “ስንት ዓመት ትታጫለሽ እማዬ?” ስትላት ሲትና “መቸኮል ደግ አይደለም” ትላታለች።

ተይራብ ጋሪው ላይ አሁን ትንሽ ማንቆርቆሪያ አስሯል። ሐሙስ እንጨቱን ያወርዳል፣ ከጋሪው ሥር ፍም ያነድዳል፣ ሻይ ያፈላል። አንድ ብርጭቆ ለራሱ ይቀዳል፣ አንድ ብርጭቆ የበሩ ደፍ ላይ ያስቀምጥላታል። ስሟን አይጠራም። እሷ ሲያሰኛት ወጥታ ትጠጣለች፤ አንዳንዴ በርዶ ይጠብቃታል፣ እሷም አትነግረውም።

“ኧረ መቼ ነው?” ትላለች ነዕማት ከግድግዳው በላይ።

“ጉልበቴን ትንሽ ይሻለው” ትላለች ሲትና፤ ብርድ ልብሷን እስከ አንገቷ ትስብና ዓይኗን ትጨፍናለች።